የደልጊው ጥብጣብና የኔ ፊርማ

ጠዋት ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ ቅጽ ተደርድሮ ጠበቀኝ። አሥራ አንዱም የዳዊት... ገና ኮቴን አላወለቅኩም እኮ!

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ ባሕር ዳር። የጣናን የውሃ ከፍታ የሚመዘግብ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። በየወደቡ ያሉ ጠባቂዎች ጠዋትና ማታ ውሃው ውስጥ የተተከለውን መለኪያ እያዩ ቁጥሩን በረጅም የወረቀት ጥብጣብ ላይ በእጅ መብሻ ይበሳሉ፤ ለአንዱ አኃዝ አንድ ረድፍ፣ በረድፉ ሰባት የቀዳዳ ቦታ። እኛ ጥብጣቡን ማንበቢያ ማሽን ላይ እንጭነዋለን፣ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያትመዋል። ማሽኑንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ዛሬ «ድራይቨር» የምትሉትን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በኋላ ዳዊት የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ ተመደበልንና እሱ እንዲያሻሽል፣ እኔ ገምግሜ እንድፈርም ተወሰነ።

ዳዊት ደግሞ «ኮከብ ሠራተኛ» መባል አምሮታል። ለዚያ የሚቆጠረው የማሻሻያ ብዛት ነው። በቃ... አንዲት ባዶ ቦታ ያጠፋል፣ ቅጽ። ሁለት መስመር ያቀያይራል፣ ቅጽ። አንድ ስም ያሳጥራል፣ ቅጽ። ሁሉም በካርቦን፣ በሦስት ኮፒ!

«ዳዊት፣ አሁን ይሄ ምን ለወጠ?»

«ጽዳት ነው ጋሼ። ኮዱ ይጸዳል።»

«ትናንት ጸድቶ አልነበር?»

«ያ ሌላ መስመር ነው።»

ያን ሰሞን ልቤን አውልቆት ነበር። መጀመሪያ እያንዳንዷን መስመር ከድሮው ጋር አመሳክር ነበር። ኋላ ግን... እውነቱን ልናገርና፣ የዚያን ቀን አሥራ አንዱንም ሳላነብ ፈረምኩ። እንደቆምኩ!

ሁለት ሳምንት አለፈና ከሐይቁ ማዶ ካለው የደልጊ ወደብ ጥብጣብ መጣ። ኮምፒውተሩ ባተመው መሠረት ጣና ሰኞ ጠዋት እንደወትሮው ነው፤ ሰኞ ማታ አንድ ፎቅ ያህል ከፍ ብሏል፤ ማክሰኞ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ቦታው ተመልሷል። እንዲህ ያለ ዝላይ ሦስት ቦታ ላይ አለ።

ኃላፊያችን ወረቀቱን አየና «የደልጊው ጠባቂ አሻጥር እየሠራ ነው!» አለ። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትለው ቃል ከተነሳች ቀልድ የለም። ሰውየው ከሥራው ብቻ አይደለም የሚባረረው፣ ታስሮም ሊቀር ይችላል።

ጠባቂው አቶ ሙጨ ይባላሉ። ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው። በጀልባ ሐይቁን አቋርጠው መጡና ጋቢያቸውን አስተካክለው ሠራተኛው በሙሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ፊት ቆሙ።

«አባት፣ ይህን ሐሰተኛ ቁጥር ማነው ያስበሳዎት?» አለ ኃላፊው።

«ሐሰተኛስ አይደለም ጌታዬ። ስሳሳት የበሳሁት ነው።»

«እንዴት ማለት?»

«ጥብጣቡ እንደሁ አይቀደድ፣ አይፋቅ። ከተሳሳቱ ሰባቱንም ቀዳዳ ይብሱት፣ ማሽኑ ስህተት መሆኑን አውቆ ያልፈዋል ተብዬ ነው የተማርሁት።»

«ማን ነው ያስተማረዎት?»

አዳራሹን በዓይናቸው ፈለጉና በእጃቸው ወደኔ አመለከቱ። «ይኸው፣ ይህ ልጅ።»

ትዝ አለኝ... ደልጊ ድረስ ሄጄ፣ ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ያስተማርኳቸው ራሴ ነኝ። ፕሮግራሙ ውስጥ «ሰባቱም ከተበሱ እለፈው» የምትለውን መስመር ያስገባሁትም ራሴ!

እየሮጥኩ ሄጄ ፋይሉን አመጣሁ። ከአሥራ አንዱ ቅጾች አንዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጥቅም የሌላት መስመር ተነስታለች። ምክንያት፦ ሰባት ቀዳዳ ያለው ቁጥር የለም።» እሷ ስትነሳ ኮምፒውተሩ የአቶ ሙጨን ስህተት እንደ ቁጥር ቆጥሮታል። ከሥሩ የገምጋሚ ፊርማ... የኔ። መስመሯ ለምን እንደተጻፈች የሚናገረው ማብራሪያም ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት «ለጽዳት» ተሰርዟል። እሱንም ፈርሜበታለሁ።

አቶ ሙጨ ይህን ጊዜ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ያነብባሉ። «ሰኞ ማታ፣ መነጥሬን አላደረግሁም ነበር፣ ተሳሳትሁ። ሐሙስ ጠዋት፣ ከጎረቤቴ ጋር ሳወጋ ተሳሳትሁ...»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን አፈርኩ። በየሳምንቱ በሂስ ስብሰባ አንዳችን የሌላውን ጥፋት ስንዘረዝር እንውላለን፤ የራሱን ስህተት በራሱ እጅ ጽፎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ የመጣ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ዳዊት ክንዴን ያዝ አደረገና «ጋሼ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር ብንልስ?» አለኝ በሹክሹክታ።

አልዋሽም... አሰብኩበት። ከዚያ አቶ ሙጨን አየሁና ተነሳሁ። «ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፣ የኔ ነው። መስመሯ ስትነሳ ሳላነብ ነው የፈረምኩት።»

ኃላፊው ቅጹን አገላብጦ፣ አገላብጦ አየው። በመጨረሻ ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተወሰነ፤ አቶ ሙጨ በነፃ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ተባለ።

ጀልባው ድረስ ሸኘኋቸው።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ። በኔ ፊርማ ሊታሰሩ ነበር።»

«ያን ወረቀት ይዘኸዋል?» አሉኝ። አንዱን ኮፒ ሰጠኋቸው። መብሻቸውን ከኪሳቸው አወጡና ፊርማዬን ቆጥረው ሰባት ቦታ በሱት።

«እንካ። አሁን ያልፈዋል» ብለው ጀልባው ላይ ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቅጽ ጠበቀኝ። «ማሻሻያ፦ ተነስታ የነበረችው መስመር ተመልሳለች። አቅራቢ፦ ዳዊት።» ያቺንም ሊያስቆጥር ነው እኮ!

ሦስት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩለት።