መምህር ኦሞድ ፍላሹን ይዘው የመጡ ቀን

ሥራ የጀመርኩት በመጋቢት ነው። ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው መጋቢት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ጥላ ሥር ያለ ወንበር እንኳ ይፋጃል። የጅማ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ አዲስ ጫማ አድርጌ ከአቦቦ መጣሁ። ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ እዚያ የገቡ ገበሬዎች ናቸው። አባቴ "የኮምፒውተር ባለሙያ" የሚለውን የሥራ መደብ ለጎረቤት ሲያስረዳ "መካኒክ ናት፤ መኪናው ብቻ አይሄድም" ይል ነበር።

የትምህርት ቢሮው ኃላፊ አቶ ጋትልዋክ ክፍሌን አሳዩኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ዴስክቶፕ።

"ይሄ የፈረንጁ ነው" አሉኝ። "እዚህ በበጎ ፈቃድ ሠርቶ ሲሄድ ትቶልን ሄደ። ዊንዶውስ የለውም። ማንም አይነካውም።"

"ታዲያ ምንድን ነው ያለው?"

"ሊኑክስ ይሉታል። አንቺ ተምረሽ የለ? ንኪው።"

ጅማ ስለ ሊኑክስ የተማርነው ስሙን ነው። ክልሉ ገና ቢሮዎቹን የሚያደራጅበት ጊዜ ስለነበር እኔም ቴክኒሻን፣ ጸሐፊ፣ አንዳንዴም የጄኔሬተር ነዳጅ ቀጂ ነበርኩ። መብራት ባለ ሰዓት ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ትእዛዝ መጻፍ ተለማመድኩ። ስሳሳት ማሽኑ ስሕተቴን በእንግሊዝኛ ይነግረኛል፤ እኔም በአማርኛ እመልስለታለሁ። እንዲህ እያልን ተዋወቅን።

አንድ ቀን ጠዋት መምህር ኦሞድ ላብ አጥምቋቸው ገቡ። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ የአኝዋክ ሰው ናቸው፤ ኒውላንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር ነው የሚኖሩት። በእጃቸው ትንሽ ፍላሽ ጨብጠዋል።

"እህቴ፣ ይሄ ሞተ ይላሉ" አሉኝ።

በፍላሹ ላይ ያለው በአኝዋክኛ የተዘጋጀ የአንደኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ነው። ተረቶቹን ከመንደር መንደር በእግራቸው ዞረው የሰበሰቡ እሳቸው ናቸው። የጻፉት በዚያው ፈረንጅ ላፕቶፕ ነበር፤ ፈረንጁም ላፕቶፑም ሄደዋል። አቶ ጋትልዋክ ደግሞ ጽሑፉን አዲስ አበባ ለማተሚያ ቤት ለማስረከብ በዚያው ቀን ይበራሉ። የማተሚያ ቤቱ ተራ ካለፈ መጽሐፉ ለመስከረም አይደርስም።

"የት የት ሞከሩት?" አልኳቸው።

"ሁሉም ቢሮ። ዊንዶውስ 'ፎርማት ይደረግ?' ይላል፤ ሁሉንም ላጥፋው ማለቱ ነው። አንዱ ልጅ 'እሺ' ሊል ሲል ነቅዬ ሮጥኩ።"

"ሌላ ቅጂ የለም?"

"የለም። ተረት ከነገሩኝ ሰዎች አንዱ ሞቷል። ማንን ልጠይቅ?"

ፍላሹን ሰካሁት። ምንም ድምፅ የለም፣ በስክሪኑ ላይ የመጣ ምልክት የለም። መምህር ኦሞድ እኔን ያያሉ፤ እኔ ስክሪኑን አያለሁ። አቶ ጋትልዋክ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

"ምን ይላል?" አሉ።

"ዝም ብሏል።"

"ዝም ካለ ምን ትጠብቂያለሽ?"

የዚያን ዘመን ሊኑክስ ፍላሽ ስለሰካህ ብቻ አይከፍትልህም። ቢያየውም ዝም ይላል፤ አንተ መጠየቅ አለብህ። በጥቁሩ መስኮት የማሽኑን መልእክቶች አወጣሁ። ከታች በኩል አዲስ ዲስክ እንዳገኘ፣ ስሙንም sda1 እንዳለው ጽፏል።

"አልሞተም!" ብዬ ጮህኩ። "አይቶታል!"

ቀጥሎ ፍላሹን ከአንድ ባዶ ፎልደር ጋር ማገናኘት ነው፤ ማውንት ማድረግ የምንለው። "ይህን የሚችለው ዋናው አስተዳዳሪ ብቻ ነው" አለኝ ማሽኑ። በአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ገባሁ። እንደ ዊንዶውስ ፍላሽ ቆጥሬ ስሞክረው እምቢ አለ፤ ዓይነቱ ልክ አይደለም። ያኔ ነው የገባኝ፤ ፈረንጁ ፍላሹን ያዘጋጀው በሊኑክስ አሠራር ነው። ለዊንዶውስ ባዶ የመሰለው ቋንቋውን ስላላወቀ ነው። የሊኑክሱን ዓይነት ጻፍኩና የኢንተርን ቁልፍ መታሁ።

ምንም አላለም። ሊኑክስ ሥራው ሲሳካም ዝም ነው የሚለው። ፎልደሩን ስከፍት ፋይሉ አለ።

መምህር ኦሞድ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው በአኝዋክኛ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ኑዌሩ አቶ ጋትልዋክም፣ የአቦቦዋ የሰፋሪ ልጅ እኔም አንድ ቃል አልገባንም፤ ግን ሁለታችንም አዳመጥን። ከዚያ መምህሩ ሳቁ።

"ኤሊ ናት፤ ጅብን ታታልላለች" አሉን።

"ኤሊዋ ትቆይ፣ አውሮፕላኑ ሊሄድ ነው!" አሉ አቶ ጋትልዋክ።

ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩ፤ ዊንዶውስ በሚያነበው የቢሮው ፍላሽ ላይም ለማተሚያ ቤቱ አስቀመጥኩ። አቶ ጋትልዋክ ሊነቅሉት እጃቸውን ሲዘረጉ ያዝኳቸው። የአለቃዬን እጅ የያዝኩት ያኔ ብቻ ነው።

"መጀመሪያ ከማሽኑ መለያየት አለበት፤ አለዚያ ጽሑፉ ተገልብጦ ሳያልቅ ይቀራል።"

ለማለያየት ስሞክር ማሽኑ "ሥራ ላይ ነው" አለኝ። ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ነገሩ ለካ እኔው ራሴ ፍላሹ ፎልደር ውስጥ ሆኜ ነው የማዝዘው። ወጣሁና ደግሜ አዘዝኩ፤ ለቀቀ።

አቶ ጋትልዋክ ለአውሮፕላኑ ደረሱ፤ መጽሐፉም ታተመ። ሽፋኑ ላይ የመምህር ኦሞድ ስም በአንድ ፊደል ስሕተት ወጥቷል፤ እሳቸው ግን "ኤሊዋ ደህና ናት" ብለው አለፉት።

በዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህ ነው፦ አንድ ማሽን ያላነበበው ፍላሽ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ሌላ ዓይነት ማሽን ላይ ሳትሞክሩ ፎርማት አታድርጉ፤ ከተከፈተላችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት ቅጂ ውሰዱ።