ሳንታል ፓርጋና በወረቀት ከረጢት ላይ

ዛሬ የእናቴን ሞት አስመዝግቤ በካሌዶኒያን ሮድ ስመለስ፣ ከአንድ ሱቅ የወጣ የሰናፍጭ ዘይት ሽታ የድሮ ንዴቴን ቀሰቀሰው።

ነገሩ የሆነው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከእናቴ ጋር ለንደን እንደገባን ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቅጽ የሚሞላልን ሰውዬ፣ "የትውልድ ቦታሽ አንዱ ወረቀት ላይ ሐረርጌ፣ ሌላው ላይ ኦሮሚያ ይላል። የትኛው ነው ውሸቱ?" አላት እናቴን። ያን ጥያቄ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። አከላለሉ ተቀይሮ እንጂ ቦታው አንድ ነበር። እናቴ አንገቷን ደፋች።

ስንመለስ በዚሁ መንገድ የሰናፍጭ ዘይት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሕንዳዊ ባለሱቅ ፊታችንን አይተው ምን እንደገጠመን ጠየቁን። ስነግራቸው ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። ከዚያ ዘይት በነካው ጣታቸው የወረቀት ከረጢት ስበው ካርታ ሣሉ።

"ይኼ አገሬ ሳንታል ፓርጋና ነው። አሁን ስድስት አውራጃ አለው፤ ዋና ከተማው ዱምካ ነው። በዚህ የጋንጅስ ወንዝ ያልፋል፣ በዚህ ኮረብታው አለ። ስወለድ ቢሃር የሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር። እኔ እዚህ ዘይት ስሸጥ ከፍለው አዲስ ክፍለ ሀገር አደረጉና ጃርካንድ አሉት። ኮረብታው ስንዝር አልተነቃነቀም! ታዲያ ልጄ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት?"

ዛሬ መዝጋቢዋ የእናቴን የትውልድ ቦታ ጠየቀችኝ።

"ሐረርጌ" አልኳት።

ጻፈችና ቀና ብላ፣ በጨዋ ድምፅ፣ "አሁንም አለ?" አለችኝ።