ከደወል በፊት ማን ላከሽ?

ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ርዕሰ መምህሩ እጄን ጨብጠው ሳይለቁ፣ «የአማርኛ መምህር ነህ አይደል? እንግዲያውስ የጥናት ቡድኑ ጸሐፊ ሆነሃል» አሉኝ። የማስተምርበትን ክፍል እንኳ ገና አላየሁም።

ጥናቱ እናንተም የምታውቁት ተግባራዊ ምርምር ነው፤ ትምህርት ቤቱ የራሱን ችግር ራሱ የሚመረምርበት። የዚያ ዓመት ጥያቄ ተማሪዎች ለምን ያረፍዳሉ የሚል ነበር። መምህራኑ «ወላጅ ነው፣ በጠዋት ሥራ ያዛቸዋል» ይላሉ። ወላጆች ደግሞ «እኛማ በጊዜ እንሸኛለን፤ መንገድ ላይ እየተጫወቱ ነው» ይላሉ። ልጆቹን የጠየቀ አልነበረም።

ከአርፋጆቹ ሁሉ የምትብሰው የሰባተኛ ክፍሏ ብርቄ ናት። ደወላችን የነበረው የመኪና ቸርኬ ተመትቶ፣ ሰልፉ አልቆ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ከዳገቱ ሥር ብቅ ትላለች። የቀሚሷ ጫፍ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ለምን አረፈድሽ ሲሏት መሬት መሬቱን ታያለች።

ርዕሰ መምህሩ እናቷን አስጠሩ። «አንድ ጊዜ ብትደግም ከመዝገብ እሰርዛታለሁ።»

እናቷ ወይዘሮ አበባ ከዐረብ አገር ከተመለሱ ብዙ አልቆዩም። «ከሰረዛችኋትማ ሐሙሲት ከተማ አክስቷ ሻይ ቤት ትግባ። እኔም እንደሷ ሳለሁ ነው ሰው ቤት የገባሁ» አሉ። ድምፃቸው ግን መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ብርቄ በር ላይ ቆማ ሰማች።

ቅዳሜ ዕለት ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። የሰፈሩን መንገድና ወንዝ በአመድ አሰመርን፤ ቤት ባለበት ሁሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል አኖርን። «ከደወል በፊት የሚያቆማችሁ ነገር ካለ፣ እዚያው ላይ ድንጋይ አስቀምጡ» አልኋቸው። አንድም ልጅ አልተነቃነቀ። አዋቂን በአዋቂ ፊት ማን ደፍሮ ያጋልጣል?

ነገሩ ለአንድ አባት ገባቸው። «እኛ አጥሩን እንይ! መምህራንም ዙሩ፤ ዛሬ እንደ አርፋጅ ተንበርካኪው ማን እንደሆነ ይለያል።»

ሁሉም እየሳቀ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ከኋላችን ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማናል።

ፊታችንን ስንመልስ መንገዱ በድንጋይ ተሞልቷል። የጨዋታ ቦታ ላይ አንድም የለ፤ ሁሉም በየሰዉ ደጃፍ ነው። «ልጄ፣ ይችን አድርሽልኝ» የሚል አዋቂ ባለበት ሁሉ። እኛ አገር ልጅ ሲላክ እምቢ አይልም። ትልቁ ክምር ደግሞ ከመምህራን መኖሪያ ፊት ነበር።

«እኔ ዳቦ ብቻ ነው ያስገዛሁ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«በየቀኑ ይበላሉ መሰለኝ፤ ክምሩን ይዩት እንጂ» አሉ እኒያ አባት።

በስብሰባ መሀል በቃለ ጉባኤ ኅዳግ ላይ ስንኝ የምሞነጫጭር ሰው ነኝ። ያኔ ግን እጄ ቆመ። ከመንገዱ ርቃ፣ ወንዙ ዳር፣ አንዲት ድንጋይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ብርቄ ከጎኗ ቆማለች። ቤቱ የእማሆይ ወርቄ ነው፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሲት። በየማለዳው ውኃ ትቀዳላቸው ኖሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት እናቷ።

«እማሆይ ይወቀሳሉ ብዬ።»

ከደወል በፊት ማንም ልጅ እንዳይልክ ተስማማን። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ፣ ወይዘሮ አበባና እኔ ወደ እማሆይ ወረድን፤ ውኃውን እናቶች በተራ እንደሚቀዱላቸው ልንነግራቸው። ደጃፋቸው ላይ ያለው ጌሾ በዚያ በጋ እንደ ክረምት ለምልሟል።

እማሆይ ሰምተውን ሳቁ። «ውኃ መች አጣሁ ልጆቼ! ጎረቤት ማታ ማታ ይሞላልኛል። ጠዋት ጌሾው ላይ አፈሰዋለሁ።»

«ምነው እማሆይ?»

«ጀሪካኑ ባዶ ካልሆነ ቸኩላ ታልፋለቻ። ቀድታ እስክትመለስ፣ ቁጭ ብላ እስክታወራኝ… ለኔ የሚነጋው ያኔ ነው።»

ወይዘሮ አበባ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ። «ከትምህርት መልስ ትምጣልዎት። ሳትቸኩል።»

«ደብተሯንም ይዛ ትምጣ» አሉ እማሆይ። «ታንብብልኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው የጌሾውን ቅጠል ዳሰሱ። ስለ መሰረዝ ዳግም አላነሡም።

ሰኞ ቸርኬው ሳይመታ ብርቄ ሰልፍ ላይ ነበረች። የቀሚሷ ጫፍ ደረቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሌሎች ጥናቶችም ሠርቻለሁ። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር አንድ ላይ ስለተቀመጡ ብቻ ልጅ አይናገርም። ስለዚህ እኔ ባለሁበት ጥናት ሁሉ መጀመሪያ አዋቂዎቹ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ።