ሦስቱ የአናሊዝ መጻሕፍት

በጅቡቲ ባቡር ጣቢያ የጭነት ጸሐፊ ሳለሁ፣ ፈረንሳዮች «አናሊዝ» የሚሉትን ከፍተኛ ሒሳብ ብቻዬን ልማር ብዬ ተነሣሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ስሙ ደስ ስላለኝ ብቻ ነው። ያን ሰሞን አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ ሦስት የአናሊዝ መጻሕፍት በረንዳው ላይ አየሁ።

«ቤትህ ወስደህ እያቸውና አንዱን ምረጥ» አለኝ።

ታቅፌያቸው «ካርቲየ ሦስት» በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን ገባሁ። ባለቤቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ፈረንሳይኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። የአንዱን መጽሐፍ ወረቀት በጣቶቿ አሸት አደረገችና «ይኼ ይበረክታል» አለች።

«በወረቀቱ አይደለም የሚመረጠው።»

«ታዲያ በምንድን ነው?»

 ቀጭኑን መጽሐፍ ገልጬ አነበብኩላት። በየአንቀጹ «ግልጽ ነው» ይላል። ሦስተኛው ላይ አስቆመችኝ።

«ግልጽ ከሆነ ለምን ጻፈው? እንዲህ የሚል ነጋዴ ጨርቁ ቀዳዳ አለው። እስቲ ቃሉን አሳየኝ።»

አሳየኋት። የቃሉን መልክ አጠናችና እሑዱን ሙሉ መስመር ለመስመር ስትለቅም ዋለች፤ ባገኘችው ቁጥር «ይኸው፣ ደግሞ ዋሸ!» ትላለች። ቀጭኑ ውስጥ ሰባ ሁለት፣ መካከለኛው ውስጥ ሠላሳ አንድ አገኘች። ወፍራሙ ውስጥ አንድም የለም።

«ይኼ ታማኝ ሰው ነው» ብላ ወፍራሙን አስታቀፈችኝ።

ሁለቱን መልሼ ወፍራሙን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ «በአንደኛው ቅጽ እንዳረጋገጥነው» ይላል። ሁለተኛውም ገጽ እንዲሁ። ሽፋኑን ባየው፣ ለካ ሁለተኛ ቅጽ ነው! ሮጬ መሐንዲሱ ዘንድ ስደርስ ሻንጣውን እያሰረ ነበር።

«ሙሴ፣ አንደኛው ቅጽ የት አለ?»

«አንደኛ ቅጽ አለው እንዴ?» አለ፤ ከልቡ ነበር የተገረመው።

ቀጭኑን አንድ ዳቦ ጋጋሪ ለሚወዛወዝ ጠረጴዛው ማስደገፊያ ወስዶታል። መካከለኛውን ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ አብራኝ ትቀመጣለች፤ ካልገባት ገጹን አታስገልጠኝም። ወሰን የሚባለው ላይ ስንደርስ ቃል አጠረኝና መቀስ አነሣሁ። «ይኸውልሽ፣ ግማሹን እንቆርጣለን። ከቀረው ደግሞ ግማሹን። እንዲህ እያልን ወደ ምንም እንጠጋለን፣ ግን አንደርስም።» በሰባተኛው ቁራጭ ላይ ወሰን ምን እንደሆነ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

እሷም ገባት። የቆረጥኩት ከኤደን ወደብ ያስመጣችው ሐር መሆኑም ገባት።