ከግድግዳው ማዶ የሚደግሙት

በሰው አገር፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ተቀምጬ ለአገር ቤት ተማሪዎች በስልክ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ትምህርቱን በድምፅ ቀድቼ እልክላቸዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፤ እንዲደግሙት ትንሽ ዝም እላለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። በዚያ ሳምንት የደረስነው «ኦልዞው» እና «ዲስፓይት» ላይ ነበር። ሁለቱም የኛን «ምንም እንኳ» ይተካሉ፤ ነገር ግን «ዲስፓይት» ከኋላው ስም ነው የሚፈልገው፣ «ኦልዞው» ደግሞ ባለቤትና ግስ ካላገኘ አይሆንለትም። ይህን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ እኔና ጌታ ነን የምናውቀው።

«ኦልዞው ኢት ወዝ ሬይኒንግ፣ ዊ ዎክድ» አልኩ፤ ዝናብ ቢሆንም በእግራችን ሄድን ማለት ነው። መልሼ ሳዳምጠው ዝም ያልኩበት ቦታ ባዶ አልነበረም። ብዙ ሰው አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚያወራ ይመስላል። አጥፍቼ እንደገና ቀዳሁት፤ አሁንም አለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁ። «ዊ ዎክድ» ይላል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ድምፁ ከማዶ ነበር።

ወጥቼ የጎረቤቱን በር አየሁ። ከውጭ በትልቅ ጓጉንቸር ተቆልፏል። ዘበኛውን ማን እንደሚኖርበት ጠየቅሁት። «ሃኩና ምቱ» አለኝ፤ ሰው የለም ማለቱ ነው። ይህን ሲል ዓይኔን አላየኝም።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ሰይጣን ተከራይ ሆኖ አጠገቤ ሲኖር ዝም ብዬ አላይም። በማግስቱ ማጉረምረሙ ሲጀምር ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠ። መዳፌን ግድግዳው ላይ ጥዬ «በኢየሱስ ስም ከዚህ ቤት ውጣ!» ብዬ ጮኽኩ።

ግድግዳው «አሜን» አለ።

ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ሰይጣን አሜን እንደማይል ለመረዳት እንኳ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ማናችሁ?» አልኩ በአማርኛ።

«ቲቸር፣ ከሆሳዕና ነን» አለ አንድ የሻከረ ድምፅ። «ደቡብ አፍሪካ ላድርሳችሁ ያለን ሰውዬ ቆልፎብን ከሄደ ቆየ። ድምፅ ካሰማችሁ ፖሊስ ይወስዳችኋል ብሎናል። ውሃ አልቆብናል። ሁለቱ ልጆች ስንጠራቸው አይነቁም።»

ወደ ዘበኛው ሮጥኩ። የለም፤ ስልኩንም አያነሳም። ጓጉንቸሩን በድንጋይ መታሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ተመልሼ «ፖሊስ ልጥራ?» አልኩ።

«ከጠሩ ያስሩናል።» ከዚያ እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «ይጥሩ» አለ በመጨረሻ። «ግን ዳኛ ፊት የምንለውን ያስተምሩን።»

ደወልኩ። እስኪመጡ ድረስ ግድግዳውን ተደግፌ አስተማርኳቸው። «ኦልዞው አይ ሃቭ ኖ ፔፐርስ፣ አይ ዲድ ኖት ካም ቱ ሃርም ኤኒዋን።» ምንም እንኳ ወረቀት ባይኖረኝም፣ ማንንም ልጎዳ አልመጣሁም። ደገሙት፤ እኔም ደገምኩት። ድምፃቸው በግድግዳው በኩል ደረቴ ውስጥ ይገባ ነበር።

ፖሊሶቹ ጓጉንቸሩን ቆርጠው በሩን ሲከፍቱ ልጆቹ ጨለማ ውስጥ ፊታቸውን ወደኔ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። ወደ በሩ ማንም አልዞረም። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይላሉ። ያልነቁትን ሁለቱን ፖሊሶቹ በብርድ ልብስ ተሸክመው ወደ ሐኪም ወሰዷቸው። ሌሎቹ መኪና ላይ ሲጫኑም ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ያን ማየት ከሰይጣኑ ይልቅ አስፈራኝ።

ፍርድ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ የቀረበው ልጅ አፉን ሲከፍት በሻከረ ድምፁ ለየሁት፤ ገና ጢም በቅጡ አላበቀለም። ዳኛዋ ያለ ፈቃድ ገብተሃል ወይ አለችው። ቀና ብሎ፣ ጥርት አድርጎ፣ «ኦልዞው አይ ሃቭ» ብሎ ጀመረ።

ዳኛዋ እጇን አነሳች። «አዎ ወይም አይደለም በል» አለው አስተርጓሚው።

ልጁ ዞሮ ከሰው መሃል ፈለገኝ። አዎ ካለ እስር፣ ከዚያም ወደ አገር መመለስ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እንባዬ መጣ። ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሳ፣ የሚደግመውን እንድሰጠው ትንሽ ጠበቀ።

«የስ» አለ።