አባቴ አፋቸውን የያዙ ዕለት

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ በአንድ እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ዛሬም ሰው ዶናት ሲገምጥ ሳይ እስኪውጠው ድረስ ዓይኔን አልነቅልም። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ዶናት የሚያስፈራ ነገር እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ።

አባቴ ቄስ ናቸው። ጎንደር ከተማ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ያገለግላሉ። እኔ የምኖረው አዘዞ ነው፤ እሑድ እሑድ ግን እሳቸው ዘንድ አስቀድሼ ምሳ አብረን እንበላለን። እናቴ ካረፈች ወዲህ ይህን ልማድ አፍርሰነው አናውቅም።

በዚያ ሰሞን ፒያሳ አካባቢ አንድ አዲስ ዶናት ቤት ተከፍቶ ነበር። የተጻፈበት ስም ሌላ ቢሆንም የከተማው ሰው «ጎማ ቤት» ነው የሚለው። ወንበሮቹ አሮጌ የመኪና ጎማዎች ናቸው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውም ጎማ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን ዶናቱ ውስጥ ምን እንዳለ አለመነገሩ ነው። ከላይ ስኳር የተነሰነሰበትን ስትገምጡ ጎመን በሥጋ ታገኛላችሁ። ሚጥሚጣ የመሰላችሁን እየፈራችሁ ስትቀምሱት ማር ይሆናል። አስተናጋጇን ብትጠይቋት «ሲቀምሱት ያውቁታል» ብላ ስቃ ትሄዳለች።

ይህን ለአባቴ ካወራሁላቸው ጀምሮ መቀመጫ አሳጡኝ። ያን ዕለት ቀድሰው፣ ቆርበው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር እንደወጣን፣ «በይ ያን የምታወሪለትን ጎማ ዛሬ አሳዪኝ» አሉ።

«ዛሬማ ቆርበዋል፤ ቤት ገብተው ቢያርፉ አይሻልም?»

«ምነው፣ የቆረበ ሰው አይበላም ያለሽ ማን ነው? ተጠንቅቆ መብላት ነው እንጂ።»

የሚጠነቀቁት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን አይተፋም። አንዴ አፉ የገባው ነገር ተመልሶ እንዳይወጣ ይጠነቀቃል። ለዚህም ነው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አፉን በነጠላ የሚሸፍነው። አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። በቆረቡበት ቀን አጥንት ያለው ሥጋ አይነኩም፤ ፍሬ ያለው ነገርም አይበሉም።

ጎማ ቤት ገብተን ተቀመጥን። አባቴ ጎማው ላይ ሲቀመጡ ትንሽ ሰመጡና፣ «ይኸ ወንበር ነፋስ ጎድሎታል» ብለው አሳቁኝ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ርቧቸው ነበር። ዶናቱ በሰሃን ቀረበ። አማትበው፣ ባርከው፣ ስኳር ያለበትን መረጡ። ውስጡ ምን እንደሆነ ባይታወቅም፣ ስኳር ምን ይጎዳል ብለው ነው።

እኔ የደረሰኝ አይብ ነበር። ስለ አይቡ እያወራሁ ቀና ስል አባቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ስበው፣ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ምንም አልመሰለኝም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቆረቡበት ቀን እንዲህ ሆነው ነው የማውቃቸው። ስለዚህ ወሬዬን ቀጠልኩ። አባቴ ፊት ለፊቴ ትንፋሽ አጥተው፣ እኔ ስለ አይብ አወራ ነበር።

ጉልበታቸው ጠረጴዛውን ሲመታው ነው የነቃሁት። ዓይናቸው ፈጧል። ግንባራቸው ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ሳል የለም፣ ድምፅ የለም። ያ ስኳር የተነሰነሰበት ዶናት ውስጡ ቋንጣ ነበር፤ ጅማት ያለበት ደረቅ ቋንጣ። አባቴ መንጋጋቸው ላይ ብዙ ጥርስ የላቸውም። ሌላ ሰው ቢሆን አውጥቶ ሰሃኑ ላይ ያስቀምጠዋል። እሳቸው ግን እንዳለ ሊውጡት ሞክረው ጉሮሯቸው ላይ ተሰነቀረ።

«አባ! አባ!» እያልኩ ጮህኩ። ሰው ተነሣ። አንዱ ውኃ አምጡ ይላል፣ ሌላው አናታቸውን ምቷቸው ይላል። እኔ እንደ ሞኝ ቆሜያለሁ።

አጠገባችን ከተቀመጡት መካከል አንዲት ጠና ያለች ሴት ነበረች። ወደ ሳንጃ ልትሄድ መኪና የምትጠብቅ መንገደኛ ናት፤ ሻንጣዋ እግሯ ሥር ነበር። ዘልላ መጣችና አባቴን ከኋላ አቅፋ፣ ከጎድናቸው በታች ጨብጣ ወደ ላይ ገፋቻቸው። ምንም አልወጣም። አባቴ ነጠላውን አፋቸው ላይ ጥርቅም አድርገው ይዘውታል።

«እጃቸውን አንሺላቸው እንጂ!» አለችኝ።

«ቆርበዋል!» አልኳት። አባቴ እየሞቱ ከአፌ የወጣው ይህ ነው።

ሴትዮዋ አንድ አፍታ ቆመች። ከዚያ የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ መንጭቃ ወረወረችልኝ። «በይ ከአፋቸው ሥር ዘርጊው! የኔ ነጠላ ላይ ይውጣ፤ መሬት አይነካም። አሁን እጃቸውን አላቅቂ!»

ነጠላዋን ጭናቸው ላይ ዘርግቼ የአባቴን እጅ ያዝኩ። በሕይወቴ አባቴን በኃይል ነክቻቸው አላውቅም። እጃቸው ሲመጣ እስመዋለሁ እንጂ ታግዬው አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን ጣታቸውን በጣቴ እየፈለቀቅሁ ታገልኳቸው። እሳቸው ደግሞ በዚያ በፈጠጠ ዓይናቸው እያዩኝ እምቢ አሉኝ። ከንፈራቸው መጥቆር ጀመረ። ገደልኳቸው ብዬ አሰብኩ። አንድ እጃቸው ሲላላልኝ ሴትዮዋ ባለ በሌለ ኃይሏ ደግማ ገፋች።

ወጣ። ነጠላው ላይ ወደቀ።

አባቴ አየር ሲስቡ የተሰማው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ካሳላቸው በኋላ መጀመሪያ ያደረጉት ወለሉን ማየት ነው። ሴትዮዋም ገብቷት፣ «አይዞዎት አባቴ፣ መሬት አልነካም» አለቻቸው። ነጠላዋን በጥንቃቄ አጥፋ ለእኔ ሰጠችኝ። «ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛችሁት ሂዱ፤ የሚደረገውን እነሱ ያውቃሉ።»

እንዴት እንዳወቀችበት ስጠይቃት፣ «ወንድሜ ሲታነቅ ቆሜ አየሁት። እሱን ከቀበርን በኋላ ነው የተማርሁት» አለችኝ። ወዲያው ከውጭ የመኪናው ጡሩምባ ሲጮህ ሻንጣዋን አንሥታ ሮጠች። ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም።

በባጃጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ነጠላዋን ከእጄ ወስደው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ያን ጊዜ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ተርፈዋል፤ ግን ይቅር የሚሉኝ አልመሰለኝም። ነጠላዋን ይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው ገቡ። እኔ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጬ እሳቸውን የታገለ እጄን አየዋለሁ።

ሲወጡ ተነሥቼ ቆምኩ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ግንባሬን አቀረብኩ፤ እሳቸው ግን፣ «እጅሽን አምጪ» አሉኝ። ሁለቱንም እጄን በመስቀላቸው ዳበሱት።

«ሞትን ፈርቼ ነበር ልጄ» አሉኝ ድምፃቸው እየሻከረ። «ብፈራም እጄ እምቢ አለኝ። ሸጋ አደረግሽ።»

እዚያው ቆሜ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

አባቴ ለዚያች ሴት አዲስ ነጠላ ገዝተው ሳጥናቸው ውስጥ አስቀምጠዋል። ወደ ሳንጃ የሚሄድ ሰው ሲያገኙ ይጠይቃሉ፤ እስካሁን አልተገኘችም። ሲጸልዩ «ስሟን አንተ ታውቃለህ» እያሉ ያነሷታል።

እኔ ግን አልዳንኩም። ቅዳሴ አልቆ ቆራቢዎች አፋቸውን ሸፍነው ሲወጡ እያንዳንዱ መተንፈሱን አያለሁ። ስንቱን ሰው አፍጥጬ እንዳየሁት እግዚአብሔር ይወቀው። አባቴም ይህን ያውቃሉ። በቆረቡበት ቀን ከመቅደስ ወጥተው ሲያዩኝ ቀጥ ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ነጠላቸውን ከአፋቸው ትንሽ ዝቅ ያደርጉና፣

«አለሁ» ይሉኛል።