የኤልሮይ ቀስትና የሸሚዝ ቁራጭ

ኤልሮይ ሊንድስታድ ያቺን አጋዘን የሳታት ሳያስበው ነው ወይስ አውቆ? በዚያ መኸር ለአዳኞቹ እንጨት ልፈልጥ አብሬያቸው ጫካ ነበርኩ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እኔና እሱ አጥር ተጋርተን እንኖራለን፤ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ኤልሮይ በሰሜን ዊስኮንሲን፣ በእኛ ከተማ የወረቀት ፋብሪካ ውስጥ የማድረቂያ ማሽን ይጠብቃል። ማርሊስን ካገባ ጀምሮ በየመኸሩ ከአባቷ ከክላረንስና ከወንድሟ ከዱዌይን ጋር ወደ አደን ጎጆ ይሄዳል። ይሄዳል ማለት ምድጃ ያነዳል፣ ቋሊማ ይጠብሳል፣ ሳህን ያጥባል። አዳኞቹ ተመልሰው ሲያወሩ ደግሞ ያዳምጣል። በማዳመጥ የሚወዳደረው የለም።

የጎጆው ግድግዳ ላይ የጨርቅ ቁራጮች በምስማር ተመትተዋል። አነጣጥሮ የሳተ ሰው የሸሚዙ የኋላ ጫፍ በመቀስ ይቆረጥና ስሙ ተጽፎበት ይሰቀላል፤ የአገሩ ደንብ ነው። ክላረንስ ብዙ ቁራጭ አለው። ዱዌይን ይበልጠዋል፤ ግን እንዲቆጠርበት አይወድም። የኤልሮይ የለም። ሰው ቋሊማ ሲጠብስ አይስትም።

በዚያ ዓመት የክላረንስ ጉልበት መሰላል አልወጣም አለ። አሮጌው የኦክ ዛፍ ላይ ያለው መቀመጫው ባዶ ሊቀር ሆነ።

"እዚያ የሚወጣው ቀስት የያዘ ሰው ነው" አለ አንድ ቀን እራት ላይ። "ኤልሮይ፣ ቀስት ግዛና ያንተ ይሁን። ካልሆነ ለዱዌይን ጓደኛ እሰጠዋለሁ።"

ኤልሮይ ሹካውን አስቀመጠ። ያን ዛፍ በምድጃው በኩል ባለው መስኮት ስንት ዘመን ሲያየው እንደኖረ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ዳርሊን በሱቋ ቀስትም የዓሣ ማጥመጃ ትልም ትሸጣለች፤ ቀስቶቹ ያሉት ከትሉ ፍሪጅ ጀርባ ነው። ዳርሊን የዘመኑን ባለመዘውር ቀስት አወረደችለት። ይህ ቀስት ሲስቡት መጀመሪያ ይከብዳል፤ መዘውሮቹ ሲዞሩ ደግሞ ይቀላል። ወንዶችን የምታፎካክረው ያቺ በፓውንድ የምትለካው የመጀመሪያዋ ክብደት ናት።

"ባልዲው ላይ ተቀመጥ" አለችው። "ክንድህን ወደ ላይ ሳታነሳ ቀስ ብለህ ሳብ።"

በአምሳ ፓውንድ ሳበው። እንደ ኮሞዲኖ መሳቢያ ተከፈተለት።

"በቃ፣ ያንተ ይሄ ነው። በብርድ፣ ካፖርት ደርበህ፣ ጡንቻህ ደርቆ የምትስበው ይሄን ነው። ለአጋዘን ከበቂ በላይ ነው።"

ዱዌይን ትል ሊገዛ ገብቶ ኖሮ ከፍሪጁ በኩል ሳቀ። "አምሳ? ልጄ ቴሳ እኮ አምሳ ትስባለች። ያውም ማስቲካ እያኘከች።"

"ቴሳ ጎበዝ ናት" አለች ዳርሊን። "አንተ ትልህን ይዘህ ውጣ።"

የኤልሮይ ጆሮ ግን ቀልቷል። "ሰባ አድርጊው" አለ።

"ኤልሮይ፣ አጋዘኑ እኮ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅህም።"

"ሰባ።"

ተነሥቶ ቀስቱን ወደ ጣሪያው አቅንቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ሳበው። ዱዌይን አጨበጨበ። ዳርሊን አልተከራከረችም፤ የመረጠችለት ቀስት ብሎኖቹ ሲላሉ ወደ አምሳ የሚወርድ ነበር። ትንሽ መፍቻ ሰጠችው።

"ይህቺን ከኪስህ አትለያት። ቀስቱን ያላላህ ቀን ማነጣጠሪያውንም አብረህ አስተካክል፤ አለበለዚያ ፍላጻው ዝቅ ብሎ ነው የሚሄድብህ።"

ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። በሩ ጋ የቆምኩት እኔ እንኳ ሰምቻለሁ።

በጋውን ሙሉ ከጓሮው የፍላጻ ድምፅ አልጠፋም። ቆሞ፣ በስስ ሸሚዝ፣ በሙቀት ሲወረውር ከዒላማው መሃል አይወጣም። ማታ ማታ ግን ቅባት ቢቀባውም ትከሻው እንቅልፍ ነሳው።

"ቅባቱ ይሸታል፣ አንተ ታቃስታለህ" አለችው ማርሊስ። "ከአንተና ከቀስትህ አንዳችሁ ሶፋው ላይ ተኙ።"

ሶፋው ላይ የተኛው እሱ ነው። ቀስቱ መኝታ ቤት ቀረ።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ውርጭ በበዛበት ጠዋት ኤልሮይ ኦኩ ላይ ወጣ። ጎህ ሲቀድ አንድ ቀንዳም አጋዘን ከሥሩ መጥቶ ቆመ። ኤልሮይ ሳበ፤ ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። እንደ ሱቁ ቀስቱን ወደ ሰማይ አቀናው። አጋዘኑም ከላይ ምን አለ ብሎ ቀና አለ። ሁለቱም ትንሽ ሰማይ አዩ። ከዚያ አጋዘኑ እየተራመደ ሄደ። ቢሮጥ እንኳ አንድ ክብር ነበር።

ይህን ሁሉ ምሳ ላይ ራሱ ተናገረው። ክላረንስ መቀሱን ከምስማሩ አወረደ።

"ወረወርክ?"

"መሳብ አቃተኝ።"

"ያልወረወረ አልሳተም" አለ ዱዌይን። "ሸሚዙ አይነካም። ደንብ ነው፣ አባባ።"

"ልክ ነው።" ክላረንስ መቀሱን መልሶ ሰቀለ። "ግን መቀመጫውን በከንቱ አላስቀምጥልህም፣ ኤልሮይ። እስከ ማታ አይሃለሁ።"

"እሺ፣ እንዳሉ" አለና ሳህኖቹን ሰብስቦ ማጠብ ጀመረ። ለመሳቂያነት እንኳ አልበቃም ነበር።

እንጨት ላመጣ ወደ ጓሮ ስዞር ከክምሩ ኋላ ተንበርክኮ በትንሿ መፍቻ ብሎኖቹን ሲያላላ አገኘሁት። መፍቻዋን በፍጥነት ኪሱ ከተታት።

"ምን አየህ?"

"ምንም።"

"ጎበዝ።"

ማነጣጠሪያውን ሲነካ አላየሁም። ዳርሊን ያለችውን ላስታውሰው አሰብኩ፤ ግን ምንም አላየሁም ብያለሁ።

ማምሻውን አንዲት አጋዘን መጣች። በዚህ ጊዜ ቀስቱ እንደ ኮሞዲኖ መሳቢያ ተከፈተ፤ ፍላጻው ሄደ፤ ከሆዷ ሥር አልፎ ቅጠል ውስጥ ተሰካ።

ኤልሮይ ጭቃ የነካውን ፍላጻ ይዞ ጎጆው በር ላይ ቆመ። "ሳትኩ" አለ። አንድ ቃል እንዲህ ጥርት አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"በስንት ፓውንድ?" አለ ዱዌይን።

"ግድግዳው ላይ ፓውንድ አይጻፍም" አለ ክላረንስ። "ዙር፣ ልጄ።"

ኤልሮይ ካፖርቱን አውልቆ ጀርባውን ሰጠ። የለበሰው ማርሊስ ለገና የገዛችለትን ደህናውን ሸሚዝ ነበር። ምሳ ላይ የለበሰው ግን አሮጌውን ነበር፤ ሳህን ሲያጥብ ክንዱ ላይ ያለውን ቀዳዳ አይቻለሁ።

ክላረንስ ሰፊ አድርጎ ቆረጠና የኤልሮይን ስም ጽፎበት ከራሱ ቁራጭ አጠገብ መታው።

"ታዲያ ነገ ዛፉ ላይ ማን ይወጣል?" አለ ዱዌይን።

"ግድግዳው ላይ ስሙ ያለ።"

"ቋሊማውንስ?"

"አንተ ጥበሳ።"

ኤልሮይ ጀርባው የተቆረጠውን ሸሚዝ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወጣ። ቅባት አልተቀባም። ዱዌይን ከምድጃው ጋር እየተጨቃጨቀ መጥበሻ ሲያንኳኳ፣ እሱ በጎኑ ተጋድሞ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደው።